የአሜሪካ ምክር ቤት ዕጩ ያለፈ ሥራና ወዳጅነት እንዴት እንደሚመረመር

ነጋዴ ለማያውቀው ሰው ዕቃ በዱቤ ከመስጠቱ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ሰውየው ከዚህ በፊት ከማን ጋር እንደ ነገደ፣ ዕዳውን በቀኑ ከፍሎ እንደ ሆነ፣ ዋስ የሚሆነውም ማን እንደ ሆነ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ዕቃውን ከመጋዘን የሚያወጣ ሰው በኋላ ቢከስር የሚያዝንለት አይበዛም። ሕዝብ እንደራሴውን ሲመርጥ የሚሰጠው አደራ ከዱቤ ዕቃ እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ምርመራውም በዚያው መጠን ሊጠነክር ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ በአሜሪካ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ያለፈ ሥራውና ወዳጅነቱ በምን መንገድ እንደሚመረመር፣ ምርመራው ጎድሎ የቀረበትና ከመጠን ያለፈበት ጊዜ ምን እንዳስከተለ ይገለጻል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያን ነጋዴ ስለ ምን ይነካዋል

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንደኛው አንቀጽ በስምንተኛው ክፍል ቀረጥ የመጣልንና ከውጭ አገሮች ጋር የሚደረገውን ንግድ የመወሰንን ሥልጣን የሰጠው ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ኮንግሬስ ለሚባለው ምክር ቤት ነው። ኮንግሬስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲሆን፣ 435 እንደራሴዎች በየሁለት ዓመቱ ይመረጡበታል። ሁለተኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ስቴት ሁለት ሁለት ሆነው የሚመጡ 100 አባላት አሉት፤ የሥራ ዘመናቸውም 6 ዓመት ነው። ኮንግሬስ ከ1934 ወዲህ በንግድ ላይ ካለው ሥልጣን ብዙውን ለፕሬዚዳንቱ በሕግ ቢያስተላልፍም፣ የሚተላለፍበትን ወሰንና ግዴታ የሚጽፈው ራሱ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አጎአ በሚል አጭር ስም የታወቀው ሕግ በ2000 ወጥቶ፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያሉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዐይነት ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ኮንግሬስ በ2015 የሕጉን ዘመን እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አራዘመው። ነገር ግን ያው ሕግ ተጠቃሚው አገር ሊፈጽማቸው የሚገቡትን ግዴታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዱ የሰብዓዊ መብት አጠባበቅ ነው። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣውን ጦርነት ምክንያት አድርገው ይህንኑ ግዴታ በመጥቀስ ኢትዮጵያን ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር አወጧት። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያም ገና ውሳኔው ሳይጸና፣ በኖቬምበር 2021፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ውሳኔውን የፈረሙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ የፈረሙበትን አንቀጽ የጻፉት ግን እንደራሴዎቹ ናቸው። እንግዲህ ከኒው ዮርክ ወይም ከካሊፎርኒያ ተመርጦ የሚመጣው ሰው ማንነት፣ ወደ አሜሪካ የሚልከውን ነጋዴ አይመለከተውም ማለት አይቻልም።

የድምፅ መዝገብ

ዕጩው ከዚህ በፊት በምክር ቤት ያገለገለ እንደ ሆነ፣ ምርመራው የሚጀመረው ከንግግሩ ሳይሆን ከሰጠው ድምፅ ነው። ሕገ መንግሥቱ እያንዳንዱ ምክር ቤት የውሎውን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፤ ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው የጠየቁ እንደ ሆነም፣ ማን እንደ ደገፈና ማን እንደ ተቃወመ በየስሙ ይጻፋል። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከ1973 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይቆጥራል። መዝገቡ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ዋጋም አይከፈልበትም።

ሕዝብ በመዝገብ ላይ ተመሥርቶ እንዴት እንደሚፈርድ የ1930ው የቀረጥ ሕግ ምስክር ነው። ይህ ሕግ የሚጠራው ባቀረቡት ሰዎች ስም፣ በዩታው የሕግ መወሰኛ አባል በሪድ ስሙትና በኦሬጎኑ እንደራሴ በዊሊስ ሆሊ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕጉን እንዳይፈርሙ ስማቸውን ጽፈው ለመኗቸው፤ እርሳቸው ግን ጁን 17 ቀን 1930 ፈረሙ። ሌሎች አገሮችም አጸፋውን ለመመለስ በአሜሪካ ሸቀጥ ላይ ቀረጥ ጨመሩ፤ በዚያ ዘመን የደረሰው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ተደርቦበት የዓለም ንግድ አሽቆለቆለ። በ1932 ሚስተር ስሙት በስቴታቸው ምርጫ ተሸነፉ፤ ሚስተር ሆሊም የገዛ ፓርቲያቸው ባደረገው የዕጩዎች ምርጫ ወደቁ። በዚያ ዓመት ፓርቲያቸው በብዙ ስፍራ ስለ ተሸነፈ የጣላቸው ቀረጡ ብቻ ነው ለማለት ባይቻልም፣ መራጩ ሥራቸውን በስማቸው ተጽፎ ስላገኘው የቀረጡ ሕግ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ይሁን እንጂ የድምፅ መዝገብ እንደ ሒሳብ መዝገብ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አንደኛ፣ አንድ ረቂቅ ሕግ ብዙ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድነት ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ እንደራሴው የተቃወመው መንገድ ሥራውን ነው ወይስ በዚያው ረቂቅ የገባውን ግብር ነው ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ የደገፈውን ሕግ ከዚያ በፊት በማሻሻያ ሊያዳክመው ሞክሮ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አለመገኘትም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ አንድ ቀን በሕመም መቅረት አለ፣ አስቸጋሪ ድምፅ በመጣ ቁጥር መቅረትም አለ። አራተኛ፣ ብዙ ጉዳይ በቃል ድምፅ፣ ይኸውም በስምምነት ጩኸት ብቻ ስለሚያልፍ፣ የማንም ስም አይጻፍበትም። በዚህ ጊዜ መመርመር የሚገባው ረቂቁን ማን እንዳቀረበውና እነማን ስማቸውን አብረው እንዳስመዘገቡ ነው።

ሰነድ ያልታየለት ዕጩ

ዕጩው ለምክር ቤት አዲስ የሆነ እንደ ሆነ የድምፅ መዝገብ የለውም። በዚህ ጊዜ መርማሪው ወደ ሌላ ሰነድ መሄድ ይኖርበታል፤ ይኸውም የትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ፣ የቀድሞ አሠሪዎቹ ቃል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የንግድ ምዝገባና የገንዘብ መግለጫ ነው። በ1978 የወጣው ሕግ ለኮንግሬስ የሚወዳደር ሰው የምርጫ ገንዘቡ ከ5,000 ዶላር ያለፈ እንደ ሆነ ንብረቱን፣ ገቢውንና ዕዳውን እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። በ1974 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የፌዴራል ምርጫ ኮሚሲዮንም ለምርጫው ገንዘብ የሰጡትንና ገንዘቡ የወጣበትን ዝርዝር ተቀብሎ ለሕዝብ ያወጣል።

እነዚህ ሰነዶች ሁሉ ኖረው ተመልካች ቢያጡ ምን እንደሚሆን የሚስተር ጆርጅ ሳንቶስ ጉዳይ አሳይቷል። ሚስተር ሳንቶስ በኖቬምበር 2022 ከኒው ዮርክ ስቴት ሦስተኛው የምርጫ ወረዳ ተመረጡ። ለመራጩ ባቀረቡት የሕይወት ታሪክ ባሩክ ከሚባለው ኮሌጅ እንደ ተመረቁ፣ በጎልድማን ሳክስና በሲቲግሩፕም ሠርተው እንደ ነበረ ገልጸው ነበር። ዲሴምበር 19 ቀን 2022፣ ምርጫው ካለፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ኮሌጁም ሆነ ሁለቱ የገንዘብ ቤቶች ሰውየውን በመዝገባቸው እንዳላገኟቸው ጻፈ። ጋዜጣው ከዚህ ሌላ፣ ሰውየው በ2008 በብራዚል፣ በኒቴሮይ ከተማ፣ በተሰረቀ የቼክ ደብተር ከአንድ ሱቅ ልብስና ጫማ ገዝተዋል ተብለው በፍርድ ቤት ተከስሰው እንደ ነበር አወጣ። ያ ጉዳይ የተዘጋው በ2023 ካሣ ለመክፈል ከተስማሙ በኋላ ነው። ሚስተር ሳንቶስ በዲሴምበር 2022 መጨረሻ ኮሌጅ እንዳልጨረሱና ለተጠቀሱት የገንዘብ ቤቶችም በቀጥታ እንዳልሠሩ ራሳቸው አመኑ።

ነጋዴን ይልቁን የሚያስደንቀው ሒሳቡ ነው። ሰውየው በ2020 ተወዳድረው በተሸነፉበት ጊዜ ያስታወቁት ዓመታዊ ገቢ 55,000 ዶላር ነበር። ለ2022ው ምርጫ ባቀረቡት መግለጫ ግን የ750,000 ዶላር ደመወዝና ከአንድ ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የትርፍ ድርሻ አለኝ አሉ። በምርጫው ወጪ ዝርዝር ላይም 199 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚል ቁጥር ደጋግሞ ተጽፎ ተገኘ፤ ሕጉ ደረሰኝ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ግን ከ200 ዶላር በላይ ለሆነ ወጪ ነው። የወጪ ደረሰኝ መርምሮ የሚያውቅ ማንኛውም ጸሐፊ፣ አንድ ቁጥር ከወሰኑ በአንድ ሳንቲም እያነሰ ደጋግሞ ሲመጣ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ተሰውሮ የቆየ ምሥጢር አልነበረም። ኖርዝ ሾር ሊደር የተባለው የአካባቢው ትንሽ ጋዜጣ ሀብቱ በድንገት መጨመሩን ከምርጫው በፊት፣ በሴፕቴምበር 2022፣ ጽፎት ነበር፤ ነገር ግን ተቀብሎ የተከታተለው አልተገኘም። ተፎካካሪያቸውም ፓርቲ ስለ እርሳቸው ሰነድ ቢያሰባስብም፣ ወደ ኮሌጁ አንድ ጥያቄ ልኮ መልሱን ለመራጩ አላቀረበም። ሁሉም ሌላው ያጣራል ብሎ ተወው።

ዋጋውን የከፈለው ሕዝብ ነው። ሚስተር ሳንቶስ በሜይ 2023 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሱ፤ በኖቬምበር 2023 የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የምርጫ ገንዘብ ለቅንጦት ዕቃና ለውበት ሕክምና ጭምር እንደ ዋለ ገለጸ፤ ዲሴምበር 1 ቀን 2023 ምክር ቤቱ በ311 ድምፅ በ114 ተቃውሞ አስወጣቸው። በምክር ቤቱ ታሪክ እንዲህ የተባረሩ ስድስተኛው ሰው ሆኑ። ወረዳው እስከ ፌብሩወሪ 2024 ልዩ ምርጫ ድረስ ያለ እንደራሴ ቆየ። ሰውየው በኦገስት 2024 በማጭበርበርና የሌላን ሰው ማንነት በመጠቀም ጥፋታቸውን አመኑ፤ በኤፕሪል 2025 የ87 ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ በኦክቶበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቀረውን ቅጣት አነሡላቸው። ምሕረቱ እስራቱን ቢያስቀርም፣ ወረዳው ያለ እንደራሴ የቆየበትን ጊዜ አይመልስም።

ወዳጅነት በሐሰት የተመዘነበት ጊዜ

ምርመራ ማጉደል ይህን ያህል ካስከፈለ፣ ምርመራን ማጣመም ደግሞ ሌላ በደል ያመጣል። አማርኛ ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር የሚናገረው ተረት አለው፤ ውሎ ጠባይን እንደሚለውጥ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚሠራው ጊደሪቱ በእውነት ከአህያው ጋር የዋለች እንደ ሆነ ብቻ ነው። የአሜሪካ ምርጫ ታሪክ በ1950 ብቻ ሁለት ታላላቅ ማስረጃዎች ይሰጣል።

የመጀመሪያው በካሊፎርኒያ ሆነ። ሚስተር ሪቻርድ ኒክሰንና ወይዘሮ ሔለን ጋሃጋን ዳግላስ ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ ሁለቱም በዚያ ጊዜ እንደራሴዎች ነበሩ። የሚስተር ኒክሰን ወገን በሮዝ ቀለም ወረቀት ላይ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ በብዙ መቶ ሺህ ቅጂ በተነ፤ በዚህም ወይዘሮ ዳግላስ ከኒው ዮርኩ እንደራሴ ከቪቶ ማርካንቶኒዮ ጋር 354 ጊዜ አንድ ዐይነት ድምፅ ሰጥተዋል ይል ነበር። ሚስተር ማርካንቶኒዮ ለኮሙኒስቶች ያደላሉ ተብለው የሚታሙ ሰው ነበሩ። ቁጥሩ ከመዝገብ የተወሰደ ስለ ሆነ እውነት ይመስላል፤ የጎደለው ግን ማነጻጸሪያው ነው። ከእነዚያ ድምፆች ብዙዎቹ የወይዘሮ ዳግላስ ፓርቲ አብላጫ አባላት በአንድነት የሰጧቸው ነበሩ፤ ሚስተር ኒክሰን ራሳቸውም ከሚስተር ማርካንቶኒዮ ጋር የተስማሙባቸው ድምፆች ነበሩ። የወይዘሮ ዳግላስ ወገንም ቢሆን አስቀድሞ ይህንኑ መሣሪያ አንሥቶ፣ ስለ ኮሪያ ርዳታ በተሰጠ ድምፅ ሚስተር ኒክሰንን ከዚያው ሰው ጋር ሊያዛምዳቸው ሞክሮ ነበር። ወይዘሮ ዳግላስ በብዙ ድምፅ ተሸነፉ። ሁለት ነጋዴዎች ከአንድ ጅምላ ሻጭ ስለ ገዙ ብቻ ሸሪኮች ናቸው ብሎ የሚመሰክር ሰው በዳኛ ፊት የሚቆም አይደለም፤ በምርጫ ጊዜ ግን ቁጥር ሲደረደር ብዙ ሰው ማነጻጸሪያውን ሳይጠይቅ ያልፋል።

ሁለተኛው በሜሪላንድ ሆነ። ሚስተር ሚላርድ ታይዲንግስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሲሆኑ፣ በ1950 ሚስተር ጆሴፍ ማካርቲ ስለ ኮሙኒስቶች ያቀረቡትን ክስ የመረመረውን ኮሚቴ መርተው ክሱ መሠረት የለውም ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ምርጫ ተቀናቃኞቻቸው ባሳተሙት ጋዜጣ ላይ፣ ሚስተር ታይዲንግስ የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ከነበሩት ከኧርል ብራውደር ጋር ጎን ለጎን ሆነው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወጣ። ይህ ፎቶግራፍ በተለያየ ጊዜ ከተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች የተቀጠለ ነበር። ከሥዕሉ በታች የተጻፈው መግለጫ የተቀናበረ መሆኑን ይናገር ነበር፤ መግለጫው ግን በሥዕሉ ያህል ዐይን አልሳበም። ሚስተር ታይዲንግስ በጆን ማርሻል በትለር ተሸነፉ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ በ1951 ድርጊቱን አጥብቆ ነቀፈ፤ ሚስተር በትለር ግን ወንበራቸውን እንደ ያዙ ቆዩ። በዛሬው ጊዜ ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን የሰው ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል በመሣሪያ ሊፈበረክ ስለሚችል፣ የሜሪላንዱ ነገር እንደ ጥንት ታሪክ ሊቆጠር አይገባውም። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ወዳጅነቱ እውነት በሆነ ጊዜ

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁለቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ወዳጅነቱ ሐሰት አልነበረም። ሚስተር ሮበርት በርድ በ1952 ከዌስት ቨርጂኒያ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው ጥቁሮችን የሚያሳድድ ማኅበር አባል እንደ ነበሩ ተገለጠ። ሚስተር በርድ አባልነቱን አመኑ፤ ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ተዉት ተናገሩ። ይሁን እንጂ በ1946 ለማኅበሩ መሪ ጽፈውት የነበረ የድጋፍ ደብዳቤ ወጣ፤ ተውኩት ያሉበትንም ጊዜ አጠራጣሪ አደረገው። መራጩ ይህን እያወቀ መረጣቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ሁለት ገጽ አለው። በ1964 የጥቁር አሜሪካውያንን መብት የሚያስከብረው ሕግ እንዳይወጣ ሚስተር በርድ ከ14 ሰዓት በላይ ቆመው ተናገሩ፤ ሕጉንም ተቃወሙ። በ1965 የወጣውን የምርጫ መብት ሕግም ተቃወሙ። በኋላ ግን በአባልነታቸው መጸጸታቸውን ደጋግመው በአደባባይ ተናገሩ፤ በ1983 የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በዓል እንዲከበር ደገፉ፤ በ2008 ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት እንዲመረጡ ከደገፉት ወገን ሆኑ። በ2010 በሞቱ ጊዜ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የተባለው ማኅበር ሐዘኑን ገለጸ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ያለፈ ወዳጅነት ይረሳ ማለት አይደለም፤ ለዘላለም ይፍረድበት ማለትም አይደለም። በ1952 የመረጣቸው ሰው ሊያመዛዝን የሚችለው አባልነቱንና ደብዳቤውን ብቻ ነበር፤ ፀፀቱ ገና አልመጣም። የ1964ቱ ድምፅም አሮጌው ወዳጅነት በእርግጥ አለመሞቱን ያመለክት ነበር። በኋላ የመጣው መለወጥ ደግሞ የታመነው በቃል ስለ ተነገረ ሳይሆን በድምፅ መዝገብ ላይ ስለ ታየ ነው። ስለዚህ ወዳጅነትን የሚመረምር ሰው አራት ጥያቄ በተራ ይጠይቃል። ነገሩ እውነት ነውን? ሰውየው በዚያ ማኅበር ውስጥ ምን ሠራ፣ ስንት ጊዜስ ቆየ? ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ ወይስ ሸሸገ? ከተለየስ በኋላ ሥራው ምን ይመሰክራል? የመጀመሪያው ጥያቄ ያልተመለሰ እንደ ሆነ ወደ ሁለተኛው ማለፍ አይገባም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና መዝገቡ

በአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ዙሪያ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ እንዲሁም በኮሎራዶና በሌሎች ስቴቶች ድምፅ ይሰጣሉ። በኤፕሪል 10 ቀን 2018 የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በኢትዮጵያ ስለ ሰብዓዊ መብት አጠባበቅ ቁጥር 128 የተባለውን የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ። አቅራቢው የኒው ጀርሲው እንደራሴ ክሪስ ስሚዝ ሲሆኑ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የኦሮራ ከተማ እንደራሴ ማይክ ኮፍማንም በብርቱ ከደገፉት አንዱ ነበሩ።

ይህ ጉዳይ ለመርማሪ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ውሳኔው ያለፈው በቃል ድምፅ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ እንደራሴ በዚያ ቀን ምን እንዳለ በስሙ የተጻፈ ነገር የለም፤ ማስረጃ የሚሆነው የአቅራቢዎቹ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ «ለኢትዮጵያ ድምፄን ሰጥቻለሁ» የሚል ዕጩ ቢገኝ፣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው የውሳኔ ሐሳብ የምክር ቤቱን አሳብ ይገልጻል እንጂ ሕግ አይደለም፤ ቀረጥ አይጥልም፣ ቀረጥም አያነሣም። ሚስተር ኮፍማን በኖቬምበር 2018 በጄሰን ክሮው ተሸንፈዋል፤ አንድ ወገን የሚያመሰግነው ሥራ ብቻውን ወንበር እንደማያጸና ከዚህ ይታያል።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

የኢትዮጵያ ነጋዴ በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ የለውም፤ ገንዘብም እንዲሰጥ አልተፈቀደለትም። የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ሰው ለማንኛውም ምርጫ አንዲት ሳንቲም እንኳ እንዳያዋጣ ይከለክላል፤ ከዚህ ክልከላ ውጭ የሚሆኑት በሕግ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። በዘመድ ወይም በደንበኛ ስም አድርጎ መላክም ያው ክልክል ነው። ስለዚህ «ለእገሌ ምርጫ ብታዋጡ ቀረጡ ይነሣላችኋል» ብሎ የሚመጣ አማላጅ፣ ገንዘቡን ቢያደርሰውም ባያደርሰውም፣ ነጋዴውን ወደ ወንጀል የሚመራ ነው።

ለውጭ መንግሥት ወይም ለውጭ ድርጅት ወኪል ሆኖ በአሜሪካ የፖለቲካ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ በ1938 የወጣው ሕግ በሚያዘው መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ሕጉ ከምዝገባው ነፃ የሚያደርጋቸው ቢኖሩም፣ ከእንደራሴው ጋር እቀራረባለሁ የሚል ሰው መመዝገቡን፣ ካልተመዘገበም በምን ምክንያት እንደ ሆነ መጠየቅ አይከፋም።

ነጋዴው በዚህ ፈንታ ሊያውቀው የሚገባው የሚከተለው ነው። የቀረጥና የንግድ ረቂቅ ሕግ በመጀመሪያ የሚታየው በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የገቢና የቀረጥ ኮሚቴ፣ በሕግ መወሰኛውም የፋይናንስ ኮሚቴ ነው። የእነዚህ ኮሚቴዎች አባላት እነማን እንደ ሆኑ፣ ከዚህ በፊት በንግድ ጉዳይ እንዴት ድምፅ እንደ ሰጡ፣ ወረዳቸው ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ የሚጠቀም ወይም የሚጎዳ እንደ ሆነ ማየት፣ በየሻይ ቤቱ ከሚሰማው የምርጫ ወሬ ይልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ውል ይጠቅማል። የአሜሪካ ደንበኛው «አዲሱ እንደራሴ ቀረጡን ያስነሣልና ዋጋ ቀንስልኝ» ባለው ጊዜ፣ ላኪው የእንደራሴውን ኮሚቴና የድምፅ መዝገብ ሳያይ ዋጋውን እንዳይቀንስ ያስፈልጋል። ከምርጫ በፊት የሚነገር ተስፋ ክፍያው እንዳልደረሰ ቼክ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን ወደ ሒሳብ ካላገባው በቀር ዕቃ አይወጣበትም።